ትንሽ ቶርኖ ስለ መምረጥ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የእጅ ሥራ ክበብ አባሎች ያደረጉት ንግግር



ስለ ክበባችን ብዙ ነገር መናገር ይቻል ነበር፤ ዳሩ ግን እኛ የመረጥነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይኸውም አምና ወላጆቻችን ባዋጡልን ገንዘብ የገዛናትን ትንሿን ቶርኖ ለምንና እንዴት እንደ መረጥናት ማስረዳት ነው።

ይህን ርእስ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። መሣሪያዋ ከሣጥኗ በወጣች ዕለት ብዙ ወላጆች ለማየት መጥተው ነበር። ከእነርሱም መካከል በቀፊራ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም እየሸጡ፣ ከዕለት ጉርሳቸው ቀንሰው ያዋጡ አንዲት እናት ነበሩ። እርሳቸውም ዙሪያዋን አይተው ሲያበቁ፣ «ልጆቼ፣ ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣው ለዚህች የልብስ ስፌት መኪና ለምታህል ብረት ነው? ደግሞስ ምን ትሠራላችኋለች?» ብለው ጠየቁን። እኛም አፍረን መሬት መሬት እያየን፣ የሚገባውን መልስ ሳንሰጥ ቀረን። የዛሬው ንግግራችን ለእኒያ እናት ያን ዕለት ያልሰጠነው መልስ ነው።

በመጀመሪያ ቶርኖ ምን እንደ ሆነ ለማያውቁት በአጭሩ እንግለጽ። በትራፓኖ ስንበሳ ዕቃው ቆሞ ፑንታው ይዞራል። በቶርኖ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ዕቃው ራሱ ይዞራል፣ ቢላው ግን ሳይዞር ቀስ እያለ ቀርቦ ይልጠዋል። ስለዚህ ከቶርኖ የሚወጣው ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ክብ ነው፤ መንኮራኩር፣ ዘንግ፣ ፒስተን፣ ቪቴ የመሰለው ሁሉ። የመሣሪያው አካል እንደ መኝታ ነው ብንል አንሳሳትም። አልጋ አለው፤ በአልጋው ራስጌ እንደ እናቶቻችን እንዝርት የሚሾር ዘንግ ይቀመጣል፤ በግርጌው የረዥም ዕቃ ጫፍ የሚደግፍ ሹል ብረት ይቆማል፤ በመካከሉም ቢላውን የተሸከመ ሠረገላ ይመላለሳል። በእንዝርቱ አፍ ላይ ሆኖ ዕቃውን ነክሶ የሚይዘው ባለ መንጋጋ መያዣ ማንድሪኖ ይባላል።

ቀድሞ ባለ ሙያው ቢላውን በእጁ ይዞ ስለሚቆርጥ ሥራው የሚሰምረው በእጁ ጽናት ብቻ ነበር። ከእርሱ በፊት የሞከሩ ቢኖሩም፣ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሞድስሌይ በ1800 እ.ኤ.አ. ገደማ ቢላውን በጠንካራ የብረት ሠረገላ ላይ አስሮ፣ ሠረገላውንም በረዥም ቪቴ እየነዳ አንድ ዓይነት ጥርስ ያላቸውን ቪቴዎች ደጋግሞ ለመቁረጥ በቃ። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው መኪና ሁሉ ከዚህ ሥራ ጋር ዝምድና አለው።

አሁን ወደ ራሳችን ነገር እንመለስ። እኛ የድሬዳዋ ልጆች ነን። ከተማችን በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች፣ ባቡሩም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ የሥራው ማእከል ሆና የኖረች ናት። አባቶቻችንና አያቶቻችን «ሽማንደፈር» በሚሉት በዚያ መሥሪያ ቤት ብዙ ዓመት አገልግለዋል። በ2009 ዓ.ም. አዲሱ ሰፊ መሥመር ከተመረቀ ወዲህ የድሮው ባቡር ነገር ከወሬ ወደ ተረት እየተሸጋገረ ስለ ሄደ፣ ክበባችን የድሮውን የእንፋሎት ባቡር አሳንሶ በብረት ለመሥራት ቆረጠ።

የድሮው ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነው። ይህ ለእኛ ታላቅ ዕድል ሆነልን፤ ምክንያቱም በዓለም ላይ የታወቀ የ45 ሚሊሜትር የሞዴል ሐዲድ አለ። አንድ ሜትር ለ22.5 ሲካፈል 44.4 ሚሊሜትር ይሆናል። ስለዚህ ማንኛውንም የእውነተኛው ባቡር ልክ ለ22.5 እያካፈልን ብንሠራ ባቡራችን በዚያ ሐዲድ ላይ ይቆማል። አንድ ሜትር ስፋት ያለው መንኮራኩር 44 ሚሊሜትር፣ ከንፈሩ ሲጨመርበት 50 ያህል ይሆናል። ከምንሠራቸው ክብ ነገሮች ሁሉ ከ60 ሚሊሜትር የሚያልፍ የለም። ይህን ሒሳብ በወረቀት ላይ ጽፈን ያዝን፤ ግን እውነቱን ለመናገር፣ ሒሳቡን የሠራነው መጀመሪያ አልነበረም። አስቀድመን ልንሳሳት ምንም አልቀረንም ነበር።

ገንዘቡ በእጃችን እንደ ገባ አንድ አሮጌ ትልቅ ቶርኖ የሚሸጥ ነጋዴ እንዳለ ሰማን። ሄደን ስናየው ዐይናችን ፈዘዘ። ርዝመቱ ከሁለት ሜትር በላይ ነው፤ አዲስ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል፤ ዋጋውም ከገንዘባችን ጋር ይገጥማል። «በአንድ ሳንቲም ሁለት በሬ» ብለን ተደሰትን። ይሁን እንጂ ከመክፈላችን በፊት በከዚራ የሚኖሩ አንድ የሽማንደፈር ጡረተኛ እንዲያዩልን ለመንናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ በባቡሩ ጋራዥ በቶርኖ ሥራ ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ እኛ ጋሼ ብለን እንጠራቸዋለን።

ጋሼ ቀለሙን አላዩም። መጀመሪያ ጣታቸውን በአልጋው ጠርዝ ላይ ከራስጌ እስከ ግርጌ አሳለፉ። ቀጥለው ሠረገላውን ወደ ማንድሪኖው አስጠግተው ቢወዘውዙት ላላ። የማጥበቂያውን ቪቴዎች በካቻቢቴ አጥብቀው ውዝዋዜውን አጠፉት። ነጋዴው ደስ አለው። ከዚያ በኋላ ጋሼ ያንኑ ሠረገላ ወደ ግርጌ ቢገፉት፣ ከግማሽ መንገድ ሳያልፍ ተጣብቆ ቆመ። ወደ እኛም ዞረው፣ «አያችሁ ልጆች፤ ሥራ የሚበዛው በማንድሪኖው አጠገብ ስለ ሆነ አልጋው እዚያ ተበልቷል፤ ግርጌው ግን እንደ ተወለደ ነው። እዚህ ስታጠብቁት እዚያ ይታነቃል፤ እዚያ ስታላሉት እዚህ ይወዛወዛል። አልጋውን እንደገና ለማስተካከል ከዋጋው ይልቅ ብዙ ይፈጃል» አሉን። ሞተሩንም አይተው ሦስት ፌዝ መሆኑን ነገሩን፤ የክበባችን ክፍል ግን ያለው ተራ ባለ 220 ቮልት አንድ ፌዝ ብቻ ነው። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ እንደሚባለው፣ ያን ቀለም አምነን ገዝተን ቢሆን ኖሮ የወላጆቻችን ገንዘብ እስከ ዛሬ በአንድ ጥግ ዝጎ ይቀመጥ ነበር።

ስንመለስ ጋሼ በመንገድ ላይ፣ «ለመሆኑ ምን ልትሠሩ ነው?» ብለው ጠየቁን። ባቡር ነው አልናቸው። «ትልቁ ዕቃችሁ ስንት ነው?» አሉ። መልስ አጣን። «እንግዲያስ ጫማ ልትገዙ የሄዳችሁት እግራችሁን ሳትለኩ ነው» ብለው ሳቁብን። ከላይ የነገርናችሁን ሒሳብ የሠራነው በዚያው ሌሊት ነው።

ከዚህ በኋላ የልዩ ልዩ ፋብሪካዎችን ዝርዝር እየሰበሰብን ማጥናት ጀመርን። ጋሼ ያስተማሩን፣ እኛም ለሌላ ክበብ ልናስተላልፍ የምንወደው፣ ቁጥሮቹን እንዴት ማንበብ እንደሚገባ ነው።

አንደኛው ቁጥር ከአልጋው በላይ ሊዞር የሚችለው ትልቁ ዕቃ ነው። 180 ሚሊሜትር የተባለ መሣሪያ 180 የሚይዘው ከአልጋው በላይ ብቻ ነው፤ ሠረገላው ከአልጋው ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ግን ረዥም ዕቃ በእርሱ ላይ ሲያልፍ የሚቀረው 110 ያህል ነው። 90 የተባለውም በሠረገላው ላይ 45 ብቻ ይሆናል። አጭር ዕቃ ሠረገላው ሥር ሳይደርስ ሊላጥ ስለሚችል ይህ አይከለክለውም፤ ለረዥም ዕቃ ግን ሁለተኛውን ቁጥር ማየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው በራስጌና በግርጌ መካከል ያለው ርዝመት ነው። ይህም ሲያዩት ብዙ ይመስላል። ነገር ግን ዕቃ ለመብሳት ስንነሣ ማንድሪኖው፣ ፑንታውን የሚይዘው መንከሻና ፑንታው ራሱ ተደምረው አብዛኛውን ይበሉታል። ስለዚህ ከሚያስፈልገው ጥቂት ረዘም ያለውን መውሰድ ብልኅነት ነው።

ሦስተኛው በእንዝርቱ ውስጥ ያለው ቀዳዳ ነው። ይህን ቁጥር ብዙ ሰው ይዘለዋል። ነገር ግን ረዥም ዘንግ በቀዳዳው አልፎ ከኋላ ሊወጣ ከቻለ፣ ብረቱን አስቀድሞ መቆራረጥ አይኖርም፤ ብክነቱም ያንሳል። ቀዳዳው 10 ሚሊሜትር ከሆነ የ12 ሚሊሜትር ዘንግ ደጅ ይቀራል።

አራተኛው ክብደቱ ነው። ብረት ሲቆረጥ ይገፋል፤ የሚገፋውን የሚችል አካል ከሌለ መሣሪያው ይንቀጠቀጣል፣ የተቆረጠውም ገጽ እንደ ታረሰ መሬት ትልም ያወጣል። ስለዚህ ከሁለት እኩል ልክ ካላቸው መሣሪያዎች ከባዱ ብዙውን ጊዜ ይሻላል።

በእነዚህ መለኪያዎች ሦስት ዓይነት መሣሪያዎችን አወዳደርን። የመጀመሪያው በኦስትሪያ አገር ተሠርቶ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የታወቀው ዩኒማት ነው። አልጋው ሁለት ክብ የብረት ዘንጎች ነው፤ ራስጌውም ተነቅሎ በቀጥተኛ ምሰሶ ላይ ሲሰቀል ትራፓኖ ይሆናል። በጠባብ ክፍል ለሚሠራ ሰው እጅግ ብልኅ የሆነ አሠራር ነው። ሆኖም ክብ ዘንግ በኃይል ሲገፋ ይለመጣል፤ ለናስና ለትንንሽ ዕቃ እንጂ ለብረት መንኮራኩር አይመችም። ያ የጥንቱ ዓይነት ዛሬ የሚገኘውም ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ብቻ ነው።

ሁለተኛው በአሜሪካ የሚሠራው ሸርላይን ነው። ትንሹ 90 በ200 ሚሊሜትር ሲሆን ክብደቱ 11 ኪሎ ያህል ነው። እንዝርቱ በደቂቃ ከ70 እስከ 2800 ጊዜ ይዞራል፤ ሞተሩም ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል። ትክክለኛነቱ የተመሰገነ ነው፤ ሰዓት ለሚሠራና ረቂቅ ዕቃ ለሚቆርጥ ሰው ከዚህ የሚበልጥ አያስፈልግም። ግን የእንዝርቱ ቀዳዳ 10 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ 50 ሚሊሜትር የብረት መንኮራኩር ደጋግሞ ለመላጥም ጉልበቱ ያንሳል።

ሦስተኛው በቻይና አገር በብዙ ፋብሪካዎች ተሠርቶ በልዩ ልዩ ስም የሚሸጠው ነው። ልኩ 180 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ ከ250 እስከ 350፣ ክብደቱ 40 ኪሎ ያህል፣ የእንዝርቱ ቀዳዳ 20 ሚሊሜትር ነው። አልጋው ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ ነው፤ ሠረገላውን ራሱ የሚነዳ ረዥም ቪቴም አለው። ነውር የለበትም አንልም። አጨራረሱ ሸካራ ነው፤ ገዢው ፈትቶ ማጽዳትና ማስተካከል አለበት። በብዙዎቹም ራስጌ ውስጥ ያሉት ጥርሶች የላስቲክ ስለ ሆኑ፣ ያለ ልክ ሲገፉት ይሰበራሉ። ነገር ግን ለእኛ መንኮራኩርና ለእኛ ኪስ የተስማማው ይህ ሆኖ ስለ ተገኘ እርሱን መረጥን። ሰዓት ሠሪዎች ብንሆን ኖሮ ሁለተኛውን በመረጥን ነበር። የተሻለ መሣሪያ የሚባለው ለሥራው የተስማማው ነው እንጂ ለብቻው የተሻለ መሣሪያ የለም።

ስለ ፍጥነትም ጥቂት እንበል። ቢላው የሚቆርጠው ብረት በደቂቃ ስንት ሜትር በፊቱ ማለፍ እንዳለበት የታወቀ ልክ አለ። ይህን ሜትር በ1000 አባዝተን፣ በ3.14 እና በዕቃው ስፋት በሚሊሜትር ብናካፍለው የዙሩን ቁጥር እናገኛለን። ለምሳሌ 45 ሚሊሜትር የብረት መንኮራኩር በ20 ሜትር ፍጥነት ለመላጥ በደቂቃ 141 ዙር ይበቃል፤ 6 ሚሊሜትር የብረት ዘንግ ግን በ25 ሜትር ፍጥነት 1327 ዙር ይፈልጋል። ስለዚህ ለእኛ ሥራ ፈጣን መሆን ብቻ አይበቃም፤ ጉልበቱን ሳያጣ ቀስ ብሎም መዞር የሚችል መሣሪያ ያስፈልጋል። በሒሳብ ክፍል «ይህ ነገር ለምን ይጠቅማል?» ስንል የነበርን ሁሉ መልሱን እዚህ አገኘነው።

ቪቴ መቁረጥ ስለሚችልበት አሠራር ብዙ ገንዘብ መጨመር አይገባም። በሞዴል ላይ የሚገቡት የ2 እና የ3 ሚሊሜትር ቪቴዎች በማስኪዮና በፊሌራ በቀላሉ ይወጣሉ። ከዚህ ይልቅ የመሣሪያው መለኪያ በሚሊሜትር ወይም በኢንች መሆኑን ከመግዛት በፊት ማረጋገጥ ይሻላል። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ነው፤ በየቀኑ ይህን እያባዙ መሥራት ስሕተት መጋበዝ ነው።

ወላጆቻችን በተለይ እንዲያውቁልን የምንፈልገው የገንዘቡን አከፋፈል ነው። ካዋጣችሁት ገንዘብ ሦስተኛውን እጅ ለመሣሪያዋ ሳይሆን ለተጓዳኝ ዕቃዎች አስቀረን። በእርሱም ባለ አራት መንጋጋ ማንድሪኖ፣ የፑንታ መያዣ፣ ቢላዎች፣ ቢላ የሚሳልበት ሞላ፣ ካሊፐርና የሚሊሜትርን መቶኛ የሚያሳይ ባለ ሰዓት መለኪያ ገዛን። ጋሼ፣ «ቢላ የሌለው ቶርኖ ማረሻ እንደሌለው ሞፈር ነው» ይሉናል። ገንዘቡን ሁሉ በአንድ ትልቅ መሣሪያ ላይ አውጥተን ቢሆን ኖሮ፣ ትልቁን መሣሪያ እጃችንን አጣጥፈን እናየው ነበር።

መሣሪያዋ ስትመጣ ፈትተን፣ ከዝገት መከላከያውን ቅባትና በውስጡ የቀረውን ፍቅፋቂ አጽድተን፣ ዘይት ቀብተን ገጣጠምናት። ቀጥሎ ፈተናት። ወፍራም ዘንግ በማንድሪኖው አስነክሰን፣ በሁለት ቦታ ብቻ፣ በማንድሪኖው አጠገብና 10 ሳንቲሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ ቢላውን ሳንነካ በአንድ ልክ ላጥነው። ሁለቱን ስንለካ ልዩነቱ 0.06 ሚሊሜትር ሆነ። ይህ ከአንድ የሰው ጸጉር ውፍረት የማይርቅ ነው፤ ለፒስተን ግን ብዙ ነው። ልባችን ወደቀ፤ ሠሪውንም ማማት ጀመርን። ጋሼ ግን መሣሪያዋን ትተው ጠረጴዛውን መረመሩ። ለካስ እኛው የሠራነው ጠረጴዛ ጠማማ ኖሮ፣ መሣሪያዋን በብሎን ጠፍረን ስናስራት አልጋዋን አጣመን አስረናታል! ከአንደኛው እግር ሥር ቀጭን ላሜራ ብናስገባ ልዩነቱ ወደ 0.01 ወረደ። ጥፋቱ የመሣሪያዋ ሳይሆን የራሳችን ነበር። ያን ዕለት ሰውን ከመውቀስ በፊት የገዛ ጠረጴዛን መመልከት እንደሚገባ ተማርን።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ መሣሪያዋ ትንሽ ናት ብላችሁ እንዳትንቋት። የዐይን መከላከያ መነጽር ሳያደርግ ማንም አይቀርባትም። ጓንት፣ ነጠላ፣ ክራባትና ሰፊ እጅጌ ከሚዞር ብረት ጋር አይስማሙም፤ ይዞ ይጎትታልና። ረዥም ጸጉር ይታሰራል። የማንድሪኖው ቁልፍ ከእጅ ሳይለይ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ረስተው ቢያስነሱት እንደ ጥይት ይወረወራል። ፍቅፋቂው በእጅ ሳይሆን በብሩሽ ይጠረጋል።

እስከ ዛሬ ስድስት መንኮራኩሮች ሠርተናል። ከእነርሱም ሁለቱ ተበላሽተዋል፤ አንዱ ቢላው ደንዞ ስለ ነበር ተንቀጥቅጦ፣ ሌላው በችኮላ ከልክ በታች ተልጦ። እነርሱንም አልጣልናቸውም፤ በክበባችን ግድግዳ ላይ ሰቅለን ምክንያታቸውን በሥራቸው ጽፈናል። ደኅናዎቹ አራቱ ዛሬ በዚህ አዳራሽ በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ በ45 ሚሊሜትር ሐዲድ ላይ ቆመዋል። ስትወጡ በጣታችሁ ገፋ አድርጋችሁ እንድታዩአቸው እንጋብዛችኋለን።

እንግዲህ እማማ፣ ዛሬ በመካከላችን ስላሉ መልሳችንን እንስጥ። ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣው ለዚህች ትንሽ ብረት ነው፤ እርሱም ሁሉ ለእርሷ አልወጣም። ምን ትሠራላችኋለች ላሉን፣ እርሷ ለብቻዋ ምንም አትሠራም። እኛ ግን በእርሷ ላይ መለካትን፣ መታገሥን፣ ስሕተታችንን በቁጥር ማወቅን ተምረናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በየቤታቸው ተቀምጠው የነበሩ የሽማንደፈር ባለ ሙያዎችን ከልጆች ጋር አገናኝታለች። ድሮ በጋራዡ የተሰበረ ዕቃ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ሳይጠበቅ እዚያው ይሠራ እንደ ነበር ከእነርሱ ሰምተናል። ያ ሙያ በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ በእነዚያ አባቶች እጅ ውስጥ ነው ያለው፤ እጅ ደግሞ ያረጃል።

ስለዚህ ከእናንተ ከወላጆቻችን የምንለምነው ሌላ ገንዘብ አይደለም። በየቤታችሁ ሞረድ፣ ካሊፐር ወይም ቢላ ይዞ የኖረ አባት ወይም አያት ካለ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ክበባችን አምጡልን። ወንበርና ሻይ እናዘጋጃለን። መሣሪያዋም ዘይት ተቀብታ ትጠብቃለች።